ሸክሙን ማን ይያዘው? የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች አካል በታሪክ ሲቃኝ

ስለ ትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች ጤና ሲነሣ የሐኪም ሐሳብ በቀጥታ ወደ ሳንባና ወደ ከንፈር ያመራል። ድምፁን የሚፈጥረው ትንፋሽ በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ መንፋት ከመጀመሩ በፊት የሚጀምረው፣ ነፍቶ እስኪጨርስም ለቅጽበት እንኳ የማያቋርጠው ሌላ ሥራ አለ። እርሱም መሣሪያውን መያዝ ነው። በዜማው መካከል ትንፋሽ ያርፋል፤ ጣቶችም በየተራቸው ያርፋሉ። መሣሪያውን የተሸከመው አውራ ጣት ወይም አንገት ግን አያርፍም። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕረፍት አልባ ሸክም ለማቃለል በአገራችንና በውጭው ዓለም የተደረገውን ጥረት በአጭሩ ይተርካል፤ በመጨረሻም በገጠር ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ያመለክታል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጋይንት ምድር ምሳሌዎች

ትረካውን ከአርብ ገበያ መጀመር ያለ ምክንያት አይደለም። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ክፍል የሚይዙ፣ ደጋው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቅባቸው አገሮች ናቸው። በዚህ ምድር ዜማ በብዙ መንገድ ይኖራል፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ሁለቱን፣ ማለትም የእረኛውን ዋሽንትና የሊቃውንቱን ማኅሌት ማንሣት ይበቃል።

ዋሽንት በተለምዶ ከሸምበቆ የሚቆረጥ፣ ሁለት ጫፎቹ ክፍት የሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች ያሉት መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ የላይኛውን ጫፍ ከከንፈሩ አስጠግቶ፣ መሣሪያውን ወደ ታች አጋድሎ ይነፋዋል። አንድ ዋሽንት ለቅኝቱ ሁሉ ስለማይበቃ፣ ልምድ ያለው ተጫዋች ርዝመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። ክብደቱ እጅ ላይ የማይሰማ ያህል ቀላል ነው። ስለዚህ ዋሽንት ማንገቻም ሆነ ማረፊያ አላስፈለገውም።

ሸክም የለም ማለት ግን ጫና የለም ማለት አይደለም። ረጅሙ ዋሽንት ጣቶችን ይለጥጣል፤ የመሣሪያው መጋደል አንገትን ያዞራል፤ ያልተማረ ተጫዋች ደግሞ ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ጆሮው ያነሣል። እረኛውን ከዚህ የሚጠብቀው የሥራው ጠባይ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወይም ዱላውን ተደግፎ ይነፋል፤ ፍየሎቹ ወደ ማሳ ሲገቡ ዋሽንቱን ከአፉ አውጥቶ ይነሣል፤ መልሷቸው ሲመጣ እንደገና ይጀምራል። የዛሬ ሐኪሞች ለሙዚቀኛ የሚያዝዙትን በየመካከሉ የሚወሰድ ዕረፍት፣ እርሱን የሚያስገድዱት ፍየሎቹ ናቸው። ያው ልጅ አድጎ የባህል ኪነት ቡድን አባል ቢሆንና በሠርግ ወራት ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ቢነፋ ግን ያ ዕረፍት ይቀራል። መሣሪያው ሳይለወጥ የአጨዋወቱ ሁኔታ ብቻ ተለውጦ ሕመም ሊመጣ ይችላል።

በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ይነፋ የነበረው እምቢልታ ደግሞ ሌላ መላ ያሳየናል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሦስት ነፊዎች በአንድነት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው የተወሰኑ ድምፆችን ብቻ ሲሆን፣ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። አንዱ በሚነፋበት ቅጽበት ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል። ሥርዓቱ ለውበት ሲባል የተፈጠረ ቢሆንም፣ ጥቅሙ ለአካልም ይተርፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በሙዚቃም እንደሚሠራ እምቢልታ ይመሰክራል።

ወደ ማኅሌቱ እንመለስ። በጋይንት ምድር ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን በመላው ኢትዮጵያ ይታወቃሉ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የትንፋሽ መሣሪያ አይጠቀምም፤ ዘማሪው ግን በዐቢይ ጾምና በክብረ በዓላት ለረጅም ሰዓታት ቆሞ ትንፋሹን የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ለእርሱ የተበጀለት መደገፊያ መቋሚያ ነው። መቋሚያ ሥርዓታዊ ትርጉም እንዳለውና በዝማሜም ጊዜ ከእጅ እንደማይለይ የታወቀ ነው። በሐኪም ዓይን ሲታይ ደግሞ ከወገብና ከጉልበት ላይ የሰውነትን ክብደት ከፍሎ ወደ መሬት የሚያወርድ ሦስተኛ እግር ነው። አናቱ አግድም መሆኑም ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ብብትን ወይም መዳፍን በሰፊው ተቀብሎ ጫናውን ያከፋፍላል።

ከዚሁ ትውፊት ለሐኪም ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ታሪክ አለ። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ የያዘው ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ዘማሪውም ሆነ ንጉሡ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አላወቁም ይባላል። ትውፊቱን በእምነት ዓይን የሚያነብበው ብዙ ነው። የሕክምና ባለሙያም አንድ የሚያውቀውን ነገር ያገኝበታል፦ በሥራው የተመሰጠ ሰው ሕመሙ በጊዜው አይሰማውም። ሙዚቀኛ ጣቱ እንደተጎዳ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሲያምህ ተው» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃውም፤ ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ሸክሙን የሚያቀልለት ዘዴ ያስፈልገዋል።

መሣሪያው ሲከብድ

በአውሮፓ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ የመክበድ ታሪክ ነው። ክላሪኔት በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ በጀርመኗ የኑረምበርግ ከተማ በዴነር ቤተሰብ እጅ ሲወለድ፣ ሁለት የብረት ቁልፎች ብቻ ያሉት ቀላል እንጨት ነበር። ሙዚቃው እየረቀቀ ሲሄድ ቁልፉ በዛ። በ1812 ኢቫን ሙለር የተባለው ተጫዋች ባለ 13 ቁልፍ ክላሪኔት ለፓሪስ ሊቃውንት አቀረበ። ሊቃውንቱ ባይቀበሉትም ተጫዋቾች ግን ተቀበሉት። ከመሣሪያው ጀርባ የምትገኘውን ትንሽ የቀኝ አውራ ጣት ማረፊያ በማስገባትም የሚመሰገነው እርሱ ነው። ተጨማሪ ቁልፎቹን ለመጫን ጣቶች ነፃ መውጣት ነበረባቸው፤ በለውጡም ሸክሙን አንድ ጣት ብቻውን ወሰደ። ዛሬ በተለምዶ የሚነፋው ክላሪኔት ወደ 800 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የሚያርፈው በቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው።

ስምንት መቶ ግራም ለአንድ ጤነኛ ክንድ ምንም አይደለም። ለአውራ ጣት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1977 ኩኒና ቻው የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ በአውራ ጣት ጫፍ የ1 ኪሎ ግራም ቆንጠጣ ሲደረግ በጣቱ መሠረት ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጭመቃ 12 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። ቆንጠጣና መሸከም አንድ ባይሆኑም የመርሑ ትርጉም ግልጽ ነው። ሸክሙ ከመሠረቱ መገጣጠሚያ በራቀ መጠን ጅማቶችና ጡንቻዎች ለመመከት ብዙ እጥፍ ይጎትታሉ። ጡንቻው ሳይንቀሳቀስ ተወጥሮ ስለሚቆይ ደግሞ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፤ ድካሙም ቶሎ ይመጣል።

መሣሪያ ሠሪዎቹ ችግሩን አልዘነጉትም። ዘመናዊውን ፍሉት የፈጠረው የሙኒኩ ቴዎባልድ ቦኧም (1794–1881) የወርቅ አንጥረኛም፣ ተጫዋችም ነበር። በግራ እጁ አውራ ጣትና አመልካች ጣት መካከል ገብታ ፍሉቱን የምትደግፍ ትንሽ መያዣ ሠራ፤ በ1871 ባሳተመው መጽሐፉም ስለ ጥቅሟ ጻፈ። በጀርመንኛ የተሰጣት ስም በቀጥታ «ምርኩዝ» ማለት ነው። የጋይንት ሊቅ ለሙሉ አካሉ የያዘውን መደገፊያ፣ ቦኧም ለአንድ እጅ አበጀው ማለት ይቻላል።

አዶልፍ ሳክስ በ1846 በፓሪስ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሳክስፎን የተሠራው ከናስ ነው፤ ድምፁ የሚፈጠረው ግን እንደ ክላሪኔት በሸምበቆ ምላስ በመሆኑ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ይመደባል። አልቶው ወደ 2.5 ኪሎ ግራም፣ ቴነሩ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን በአውራ ጣት ብቻ የሚያዝ አይደለም። ከጀርባው ባለው ቀለበት ማንገቻ ገብቶበት በአንገት ይንጠለጠላል። ሸክሙ ከአውራ ጣት ወደ አንገት ተዛወረ፤ ማንገቻው ቀጭን ከሆነ ወይም ከረዘመ ግን ተጫዋቹ አፉን ፍለጋ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ አንገትና ትከሻም ዋጋውን ይከፍላሉ። በኋላ የመጡት በሁለት ትከሻ ላይ የሚያርፉ ማንገቻዎች ሸክሙን ወደ ደረትና ወደ ጀርባ አከፋፈሉት። የባሶን ተጫዋቾች በበኩላቸው ከጭናቸው ሥር በወንበሩ ላይ የሚያልፍ ጠፍር በመጠቀም መሣሪያቸውን ለወንበሩ አሸከሙት። የባስ ክላሪኔት ተጫዋቾች ደግሞ ከመሣሪያው ሥር በገባ የብረት ዘንግ አማካይነት ለመሬት ሰጡት። ከአውራ ጣት ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ወንበርና ወደ መሬት፦ የማቃለሉ ታሪክ ጠቅላላ አቅጣጫ ይህ ነው።

ከባዱ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላስ የተላኩት የባንድ መሣሪያዎች ለዘመናዊው ሙዚቃችን መነሻ ሆነው ይጠቀሳሉ። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ሳሉ ያዩአቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከነባንዳቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት እነዚህ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ሠሩ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተከታተሉ። ተቀምጦ ይነፋ የነበረ ወጣት አሁን ቆሞ፣ ተሰልፎና እየተራመደ ከባድ መሣሪያ የሚነፋ ወታደር ሆነ።

ይህን ሽግግር በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ከተፈለገ ጌታቸው መኩሪያ ይጠቀሳል። በ1935 በይፋት ተወለደ፤ በልጅነቱ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ አባል ሆነ፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው በመሆኑ ስሙ ገናና ነው። በጋይንትና በስማዳ ግብዣ ላይ ሽለላ የሚያሰማ ሰው እንደ ልቡ እየተንጎራደደ፣ ክንዱን እየወረወረ ነው። ጌታቸው ያንኑ ስሜት ቴነር ሳክስፎን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አወጣው። በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር አልበም ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ በ2016 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ ከመሣሪያው ጋር ኖሯል። እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው የሙያ ሕይወት የሚጠበቅ ሀብት መሆኑን ለማስገንዘብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሕክምናው ዘግይቶ ሲደርስ

ሙዚቀኞችና መሣሪያ ሠሪዎች መላ ሲፈልጉ ሕክምናው ዘግይቶ ተከተለ። የሥራ በሽታዎች ሕክምና አባት የሚባለው ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪም ከጥንቶቹ ጥያቄዎች ላይ የበሽተኛውን ሥራ የሚመለከት ጥያቄ እንዲጨምር አሳሰበ፤ ስለ ዘፋኞችና ስለ ነፊዎች ሕመምም ጻፈ። የበርሊኑ ሐኪም ኩርት ዚንገር በ1926 ስለ ሙዚቀኞች የሙያ በሽታ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። ይሁንና ጉዳዩ የብዙዎችን ትኩረት የሳበው ታዋቂ የፒያኖ ተጫዋቾች የእጃቸውን ሕመም በ1981 በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ነው። በ1988 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በ48 ኦርኬስትራዎች ከሚሠሩ 2,212 ሙዚቀኞች መካከል 76 በመቶዎቹ አጨዋወታቸውን የነካ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንዳጋጠማቸው ገልጸዋል። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችን ሕክምና የሚመለከት ማኅበር ተቋቋመ። በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በክላሪኔት ተጫዋች አውራ ጣት ላይ የሚያርፈውን ኃይል በመለኪያ ከመዘገበ በኋላ፣ የሚለጠጥ የአንገት ማንገቻ ያንን ኃይል እንደሚቀንስ አሳየ። ሙለር ማረፊያዋን ካስገባ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሳይንሱ ልኬቱን አገኘ ማለት ነው።

በጤና ጣቢያችን ምን እናድርግ?

የአውራ ጣት ወይም የአንገት ሕመም ይዞት የመጣ ሙዚቀኛ በአርብ ገበያም ሆነ በሌላ ወረዳ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሕመም ማስታገሻና «ለጊዜው አትጫወት» የሚል ምክር ነው። ማስታገሻው ሕመሙን ለሳምንት ያበርዳል፤ ምክሩም የሠርግ ወራት ገቢውን ያሳጣዋል። ወደ መሣሪያው ሲመለስ ሸክሙ እንደ ነበረ ይጠብቀዋል፤ ሕመሙም ይመለሳል። አንዳንዱ በዚህ መመላለስ ተሰላችቶ ሙያውን ይተዋል። ከላይ የተተረከው ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ ሥራውን እንጠይቅ። በካርዱ ላይ «ገበሬ» ወይም «ተማሪ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ዋሽንት ነፊ ወይም የኪነት ቡድን ሳክስፎን ተጫዋች ሊሆን ይችላል። የልምምዱ ሰዓት በቅርቡ በድንገት ጨምሮ እንደሆነም እንጠይቅ፤ ከበዓልና ከውድድር በፊት የሚደረግ ያልተለመደ ልምምድ ዋነኛው አባባሽ ነውና።

ሁለተኛ፣ መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣና በፊታችን እንዲነፋ እንጠይቀው። ትከሻው ይነሣል ወይ? አንገቱ ወደ ፊት ይወጣል ወይ? የእጅ አንጓው ይታጠፋል ወይ? አውራ ጣቱ ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘው በጫፉ ነው ወይስ ወደ መገጣጠሚያው ቀረብ ብሎ? እነዚህ ለማየት አምስት ደቂቃ የሚበቃቸው ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ሸክሙን እናዛውር። የሳክስፎን ማንገቻ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ተጫዋቹ ቀጥ ብሎ ሲቆም መሣሪያው ወደ አፉ እስኪደርስ ድረስ ይጠር። መሣሪያው ወደ ሰው ይምጣ እንጂ ሰው ወደ መሣሪያው አይጎንበስ። የክላሪኔት አውራ ጣት ማረፊያ በለስላሳ ጎማ ቁራጭ ይሸፈን፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነም ለእጁ ወደሚስማማው ቦታ ይዛወር፤ ቀለበት ካለው ማንገቻ ይጨመርለት። ተቀምጦ የሚለማመድ ሰው የክላሪኔቱን የታች ጫፍ ጉልበቱ ላይ ቢያሳርፍ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ለዋሽንት ተጫዋች ደግሞ ጣቱን ከመጠን በላይ የማይለጥጥ ርዝመት መምረጥ፣ የተሰበሰበ ትከሻን ማላላትና ቁጭ ብሎ መለማመድ ይጠቅመዋል።

አራተኛ፣ ዕረፍትን በመጠን እንዘዝ። ሙሉ በሙሉ ከማቆም ይልቅ በየ25 ወይም 30 ደቂቃው የ5 ደቂቃ ዕረፍት መውሰድ፣ ሕመሙ ከበረታም ለጥቂት ቀናት አቁሞ በአጭር ልምምድ ቀስ በቀስ መመለስ ይሻላል። የባንድ መሪዎችም ከእምቢልታ ነፊዎች ተምረው ተጫዋቾቻቸውን በተራ ቢያሳርፉ ወጪ የለውም።

አምስተኛ፣ የሙያ ሕመም ነው ብለን ሌላውን በሽታ አንዘንጋ። አውራ ጣት ወደ መዳፍ ታጥፎ የእጅ አንጓ ወደ ትንሿ ጣት ሲዘነብል በአንጓው ጎን የሚነሣ ስለታም ሕመም፣ ደ ኬርቬን በ1895 የገለጸውን የጅማት ሽፋን ችግር ያመለክታል። ሌሊት የሚቀሰቅስ የጣት መደንዘዝ በእጅ አንጓ ውስጥ የተጨመቀ ነርቭን ያሳስባል። በአገራችን የደነዘዘ የቆዳ ንጣፍና የወፈረ ነርቭ ከተገኘ ሥጋ ደዌ፣ የአንገት ሕመም ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከእግር መድከም ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ መፈተሽ አለበት። ሳያም ጣት አልታዘዝ የሚልበት ተጫዋች ደግሞ የነርቭ ሐኪም ዘንድ መላክ ይገባዋል።

ከእነዚህ እርምጃዎች አብዛኞቹ ውድ መድኃኒት ወይም የራጅ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የታካሚውን ሥራ ማወቅንና ሲሠራ ማየትን ነው። ማንገቻ የሰፋ፣ ማረፊያን የለጠፈ፣ መቋሚያን የቀረጸ ሁሉ ሐኪም አልነበረም፤ የሚደክመውን አካል ቀርቦ ያየ ሰው ነበር። በየወረዳው የምንገኝ የጤና ባለሙያዎችም ሙዚቀኛ ሲመጣልን የማዘዣ ወረቀቱን ከመሳባችን በፊት «እስቲ መሣሪያህን አሳየኝ» ብንለው፣ ብዙ ተጫዋቾች ከሙያቸው ሳይለዩ እንዲድኑ እንረዳለን።